ሐረገወይንን ያየ አለ?

ካሳነሽ ከወደቀች ወዲህ የቀራት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ "እሺ"።

ውሃ ልስጥሽ? እሺ። ልውሰደው? እሺ። ነርሷ ገብታ በእንግሊዝኛ አመመሽ ወይ ስትላት፣ እሺ። ዶክተሩ ደም ወደ ጭንቅላቷ የሚሄድበት መንገድ ተዘግቶ የንግግሩን ቦታ መታው አለን። ሰው ታውቃለች። እኔ ስገባ ዓይኗ ይፈካል፣ ልጇ ኖላዊ ሲገባ ታለቅሳለች። ቋንቋው ግን የለም፤ አንድ ጎኗም አይታዘዝላትም። ሐሙስ ጠዋት አንገቷን ከፍተው የተዘጋውን የደም ሥር ሊጠርጉላት ነው። ይሳካል ብለው አልማሉልንም።

እኔ ሰርክ እባላለሁ። ከካሳነሽ ጋር ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ ሬስቶራንት ማዕድ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስንከትፍ ነው የተዋወቅነው። እኔ በኋላ ሽንኩርቱን ትቼ አሮጊት መጠበቅ ገባሁ፤ እሷ እዚያው ቀረች። ቤታችን ግን በር ለበር ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው እንደማወራው ነው። ሰው ግትር ይለኛል። ይበል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔና ኖላዊ አባ ተክለብርሃንን ግቢው ውስጥ ጠብቀን ያዝናቸው። አባ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ከመጡ ገና ቅርባቸው ነው፤ ካሳነሽን በመልክ እንጂ አያውቋትም።

"ረቡዕ ከሰዓት ከዲያቆን ጋር እመጣለሁ" አሉ። "የቀንዲል ጸሎት አደርስላታለሁ፣ ዘይቱን እቀባታለሁ። የክርስትና ስሟን ብቻ ንገሩኝ፤ በጸሎቱ ውስጥ የምጠራበት ቦታ አለ።"

ኖላዊ እኔን አየኝ። እኔም ኖላዊን አየሁት።

"እናትህ ናት እኮ" አልኩት።

"እትዬ ሰርክ፣ እኔ እማ ነው የምላት። ካሳነሽ መሆኗንም ስኩል ስገባ ነው ያወቅሁት።"

"የንስሐ አባቷስ?" አሉ አባ።

"አርፈዋል" አልኳቸው። "ዓመት አለፋቸው።"

አባ ደግ ሰው ናቸው። እጄን ይዘው፣ "አትጨነቂ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃታል። 'አመትከ'፣ አገልጋይህ ብዬ እጸልይላታለሁ፤ ይበቃል" አሉኝ።

"አይበቃም አባ" አልኩ።

"እንዴት?"

"ከመንገድ ማዶ 'አንቺ ሴትዮ' ብሎ እንደመጥራት ነው። እሷ ለማንም እንዲህ አላደረገችም።"

እውነቴን ነው። ከዚህ አገር አንድ ሰው ወደ አገር ቤት ሊሄድ ነው ከተባለ ካሳነሽ በሩ ላይ ናት። ገዳም ትደርሻለሽ? ቤተ ክርስቲያን ትስሚያለሽ? እንግዲያው እነዚህን ስሞች አድርሺልኝ ትላለች። የታመመውን፣ ፍርድ ቤት ያለበትን፣ ወረቀቱ የዘገየበትን፣ የሁሉንም የክርስትና ስም በቃሏ ታውቃለች። ጽፈሽ ያዢው ሲሏት፣ "ምን፣ ሽንኩርት መሰለሽ ገበያ ላይ የሚረሳ?" ትላለች። ባሌ የሞተ ቀን ካህኑ ስሙን ሲጠይቁኝ ድንጋጤው አፌን ዘጋው። ከኋላዬ ቆማ ጮክ ብላ "ኃይለ ገብርኤል!" ያለችው ካሳነሽ ናት። ባሌን አንድ ቀን መኪና ሲጠግን ጠይቃው፣ ይዛው ኖራለች።

የሷን ስም ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጠያቂዋ እሷ ስለነበረች መሰለኝ።

"እስከ ረቡዕ አመጣዋለሁ" አልኳቸው አባን።

"ባታገኚውም..."

"አመጣዋለሁ።"

ከዚያው ሆስፒታል ሄድን። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የማውቀውን ስም ሁሉ እደረድርላት ጀመር።

"ካሳነሽ፣ ስሚኝ። ወለተ ማርያም?"

"እሺ።"

"ወለተ ሚካኤል?"

"እሺ።"

"ቆይ፣ ሁለቱንም አትሆኚም። አስካለ ማርያም? ፍቅርተ ማርያም?"

"እሺ። እሺ።"

ተናድጄ፣ "ገብረ ጊዮርጊስ?" አልኳት።

"እሺ" አለች፣ ትክ ብላ እያየችኝ።

ኖላዊ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቁ አመለጠው። "ኦኬ፣ አሁን ወንድ አደረግሻት።"

"አንተ ከምትስቅ ደሴ ደውል።"

ደወለ። ካሳነሽ የደሴ ልጅ ናት፣ ሸዋ በር የሚባለው ሰፈር። ስልኩ ከአንዱ ዘመድ ወደ አንዱ ሲዘል አየሁት። እናትየዋ ድሮ ሞታለች፣ የክርስትና እናቷም ሞታለች፣ ግቢው ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። የመጨረሻው ሰውዬ "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ጠይቆ፣ ኖላዊ ሲነግረው፣ ስለ መሬት ሊያወራው ጀመረ። ዘጋው።

"ሶ፣ አልቋል እትዬ ሰርክ። ይሄ ጎግል አይደረግም። አባ ይጸልያሉ፣ ጋድ ያውቃታል።"

"እግዜር እኔንም ያውቀኛል፤ ግን ቤቴ ሲመጣ ስሜን ቢጠራኝ ነው የምወደው" አልኩትና ወጣሁ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። የምጠብቃት አሮጊት ፒኮ ሮበርትሰን የሚባለው ሰፈር ነው የምትኖረው፣ ሚስስ ፐርል ትባላለች፣ አይሁድ ናት። እግሯን ሳጥብ ዝም ስላልኩ ምን ሆነሻል አለችኝ። በእኔ እንግሊዝኛ ነገርኳት። ጓደኛዬ ታማለች፣ የቤት ስም አላት፣ የቤተ ክርስቲያን ስም አላት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጠፋ። እንደማትገባት አስቤ ነበር። እግሯን ከውሃው አወጣች።

"እኛም አለን" አለች። "እኔ እዚህ ፐርል ነኝ። ምኩራብ ውስጥ ፐኒና ነኝ። ሰው ሲታመም የሚጸለየው በዚያ ስም ነው፣ ከእናቱ ስም ጋር ተደርጎ። የእገሊት ልጅ እገሊት እየተባለ።"

"በእናት ለምን?"

"በማን ሊሆን ነው ታዲያ? ስለ ልጅ ማን ይጸልያል?" አለችና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። "ዩ ዊል ዲግ ኢት አፕ።"

ዲግ አፕ ቆፍሮ ማውጣት ነው፤ ሲፈልጉ ቆይቶ ማግኘትንም እንዲሁ ይሉታል። እኔ ወድጄዋለሁ። የእኔ ፍለጋ አካፋ አይያዝ እንጂ ቁፋሮ መሆኑ አይቀርም። ፎጣውን እያጣጠፍኩ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ስለ ካሳነሽ ስትጸልይ የነበረችው እናቷ ናት። እናቷ ስትጸልይ የሰማ ሰው በሕይወት ያለ ማን አለ?

ሱዓድ አለች።

ሱዓድ እስላም ናት፤ ለዚህ ነው እስከዚያ ሰዓት ያላሰብኳት። የክርስትና ስም ከእስላም የሚጠይቅ ማን አለ? ግን ደሴ ውስጥ ከካሳነሽ ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተው ነው ያደጉት። እዚህም ኢንግልዉድ ትኖራለች፣ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። በረንዳ ወጥቼ ደወልኩላት።

"ሰርክዬ፣ ፈጠን በይ፣ ሰው እየገፋሁ ነው። ካሱ ደህና ናት?"

"እንዳለች ናት። ሱዓድ፣ የክርስትና ስሟን ታውቂያለሽ?"

"እኔ? የናንተን ነገር እኔ ከየት አውቄ! እህቷን ጠይቂያት እንጂ።"

"የምን እህት?"

የዊልቸሩ ጎማ ሲንኳኳ ብቻ ይሰማኛል።

"ሱዓድ!"

"ወይ ይቺ ምላሴ" አለች። "ሐረገወይንን ነዋ። ቤት ውስጥ የደበቋትን። እኔ አይቻት አላውቅም፤ እናትየዋ ጎህ ሲቀድ ስለሷ ስትለምን ነው በግድግዳው የምሰማት። በአላህ፣ ከሱዓድ ሰማሁ እንዳትይ። በሩን ክሎዝ ሊያደርጉብኝ ነው፣ ቻው!"

እናንተ ይሄኔ ደርሳችሁበት ይሆናል። እኔ አልደረስኩም። እህት የሚለው ነገር ጆሮዬን ደፈነው። ካሳነሽ እህት አላት! የደበቋት! በሽተኛ ነበረች? ከጋብቻ ውጭ ነበረች? ለሰው ሰጧት? የትም ትሁን የት፣ እህት ከሆነች የእህቷን የክርስትና ስም ታውቃለች፤ ደሴ ከሌለች ደግሞ እዚህ ልትሆን ትችላለች፤ ሎስ አንጀለስ ያልመጣ ሰው የለም። ስሟንም ሰፈሯንም ይዣለሁ። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገኛል?

ከሥራ እንደወጣሁ ፌርፋክስን ከጫፍ ያዝኩት። ቅመም ቤት ገባሁ፣ ልብስ ቤት ገባሁ፣ ገንዘብ የሚላክበት ገባሁ። "ሐረገወይን የምትባል የደሴ ሴት ያየ አለ? በእኛ ዕድሜ፣ ምናልባት ትንሽ ከፍ የምትል።"

"ምን አድርጋሽ ነው?" ይሉኛል።

"ምንም። እፈልጋታለሁ።"

"ፊትሽ እንደሱ አይልም።"

ከሬስቶራንቶቹ ጀርባ መኪና የሚያቆመው ዘርዓብሩክ ሰው በመልኩ አያስታውስም፤ በመኪናው ነው። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ አሰበ።

"ሐረገወይን... ሐረገወይን... ብርማ ካምሪ። የኋላ መብራቷ የተሰነጠቀ። ፒኮ ላይ ጸጉር ትሠራለች።"

"የደሴ ናት?"

"እሱን መኪናዋ ላይ አልጻፈችውም።"

ፒኮ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ገብቼ "ሐረገወይን!" ብዬ ስጣራ ጸጉሯን ቀይ ያስነከረች ልጅ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ዞረች። የኔ ልጅ ብትሆንም ታንሳለች።

"እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?"

"እናትሽ ደሴ ናት?"

"ጎንደር ናት። ወይኔ፣ እማዬ ላከችሽ? ስለ ጸጉሬ ነው?"

"አይደለም፣ ጸጉርሽ ያምራል" ብያት ወጣሁ። አያምርም።

ማክሰኞ ኖላዊን አስገድጄ ኖርዝ ሆሊውድ እንዲወስደኝ አደረግሁ። እዚያ ትርሲት አለች፣ የካሳነሽ የአክስት ልጅ። ልጇ ዲቪ ደርሷት ነው ያመጣቻት። መቼም ስልኩን አታነሳም፤ ፊት ለፊት ካልሄዱባት አትገኝም። ኖላዊ ድራይቭ እያደረገ ያጉረመርማል።

"እማ እህት ቢኖራት ትነግረኝ ነበር።"

"ካሳነሽ መሆኗን መቼ ነው ያወቅሁት ያልከኝ?"

መስመር ከቀየረ በኋላ፣ "ሪሊ እህት ቢኖራት ግን..." አለ። "አክስት አለችኝ ማለት ነው።" ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። እሱም ካሳነሽም ከዚህች ስልክ ከማታነሳ ትርሲት በቀር እዚህ ዘመድ የላቸውም፤ ሐሙስን ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚጠብቁት። የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ ይበልጥ የገረረብኝ። ባዶ እጄን አልመለስም አልኩ።

ትርሲት በሩን ከፍታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"ሐረገወይን የት ናት?" አልኳት። ደህና ዋልሽም አላልኩ።

"ማን?"

"የካሳነሽ እህት። አትደብቂኝ። ሁሉንም አውቄያለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ካሳነሽ እህት የላትም። ለእናቷ አንድ ናት፣ ብቸኛ!"

"የደበቋት።"

"የት ይደብቋታል?" ትርሲት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ቤቱ አንድ ክፍል ነው! ክረምት ክረምት እኔም እዚያ ነበርኩ። እኔ፣ ካሳነሽና እናቷ አንድ መደብ ላይ ነው የምንተኛው፤ ስንገላበጥ ተጠራርተን ነው። ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ጣሪያ ላይ ነው የሚያድረው።"

"በግድግዳው የሰማ ሰው አለ።"

"ምን ሰማ? እኔ እንደሆን ፀሐይ ሳትወጣ ነቅቼ አላውቅም።"

"እናቷ ጎህ ሲቀድ ስለ ሐረገወይን ስትጸልይ..."

አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ኖላዊ፣ "እትዬ ሰርክ? አር ዩ ኦኬ?" ይለኛል። ትርሲት ወንበር ሳበችልኝ። እኔ አልተቀመጥኩም።

"ኢንግልዉድ" አልኩት። "አሁኑኑ።"

"ትራፊኩን አይተሽዋል?"

"ኖላዊ፣ ኢንግልዉድ!"

መንገዱ እንደፈራው ነበር። መኪናው ውስጥ ምንም አልነገርኩትም። እሱ አክስት እየጠበቀ ነው፤ እኔ ደግሞ ከራሷ ከሱዓድ አፍ ሳልሰማ እርግጠኛ አልሆንም። ግምት ይዤ አባ ፊት አልቆምም።

ሱዓድ የኤርፖርት ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ነው ያገኘናት። ኖላዊን ስታይ ሻሿን አስተካክላ፣ "ነገርሽው?" ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ።

"ሱዓድ፣ ስሚኝ። የካሳነሽ እናት ስትጸልይ የምትለውን ቃል በቃል ንገሪኝ።"

"ልጁ ፊት?"

"ልጁ ፊት።"

ሱዓድ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁ ሲወጣ የሱዓድ አልነበረም፤ የሆነች የደሴ ሴትዮ ድምፅ ነበር፣ ቀስ ያለ፣ ልመና የለመደ። "እመቤቴ፣ ሐረገወይንን አደራሽን። ሐረገወይንን ከክፉ ዓይን ሰውሪልኝ። ሐረገወይንን ለወግ ለማዕረግ አብቂልኝ። እንዲህ ነበር የምትለው። ከዚያ ጨርሳ ድምፅዋን ከፍ ታደርግና፣ 'ካሳነሽ! ተነሺ፣ ውሃው ሳይሄድ ቅጂ!'"

"ስለ ካሳነሽስ ስትጸልይ ሰምተሻል?"

"በፍጹም!" አለች ሱዓድ፣ ዓይኗን ገልጣ። "እሱ አይደል እንዴ የሚያንገበግበኝ! አንድም ቀን ካሳነሽን ብላ አታውቅም። ለዚያችኛዋ ልመና፣ ለካሱ ውሃ መቅጃ እንስራ። ልጅ ነኝ፣ ግን ይገባኛል፤ ይቺን ልጅ እናቷ አትወዳትም እላለሁ። በጣም ታሳዝነኝ ነበር። እናቴ ለትምህርት ቤት የምታስይዘኝን ዳቦ እኩል እየገመስኩ የሰጠኋት ለምን መሰለሽ? ጓደኛዬ ያደረግኋት ለምን መሰለሽ? አዝኜላት እኮ ነው!"

"ለምን አልጠየቅሻትም?"

"የሰው ቤት የተደበቀ ነገር ይጠየቃል እንዴ? ነውር አይደለም? እሷ ካላነሳችው እኔ ምን ብዬ?"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበር ነበር፣ ግን ወለሉ ቀረበኝ።

"ሱዓድዬ" አልኳት። "እኛ ዘንድ እናት ስለ ልጇ ስትጸልይ በቤት ስሟ አትጠራትም። በክርስትና ስሟ ነው።"

ቀስ ብላ እግሯን ከትራሱ አወረደች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሐረገወይን ካሳነሽ ናት።"

"አይደለም" አለች ሱዓድ። "አይደለም... ሁሌ? ያ ሁሉ ልመና?"

"ሁሉም።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። መጀመሪያ ሳቅ መሰለኝ፣ ከዚያ ልቅሶ መሰለኝ፣ ከዚያ ሁለቱም ሆነ። "አላህዬ! በየቀኑ እኮ ነው! አንድ ቀን ሳትቀር! ስንት ዓመት ያቺን ምስኪን ሴትዮ በልቤ ስረግም..." ሻሿን ይዛ ተወዛወዘች። ኖላዊ መሀል ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል።

"ሶ አክስት የለኝም?" አለ በመጨረሻ።

"የለህም" አልኩት። "የእናትህ ስም ግን አለህ።"

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሱዓድ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠና፣ "ያንን ድምፅ እንደገና አድርጊልኝ" አላት። "አያቴን።" አያቱን አይቷት አያውቅም። ሱዓድ ዓይኗን ጨፍና እንደገና አደረገችለት።

ረቡዕ ከሰዓት አባ ከዲያቆናቸው ጋር መጡ። ሆስፒታል ውስጥ እሳት ስለማይፈቀድ የቀንዲሉ መብራት ቀርቶ መስቀሉ፣ መጽሐፉና ዘይቱ ብቻ ነበሩ። ሱዓድ ፈረቃዋን ለሰው ሰጥታ መጥታለች፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ቆማለች። ልውጣ አለች፤ አባ፣ "ስሙን ያመጣሽው አንቺ ነሽ አሉ፤ ወዴት ትወጫለሽ?" አሏት።

እኔን ወደ ጥግ ወሰዱኝ። "ሐረገ ወይን። ጥሩ ስም ነው። ግን እርግጠኛ ነሽ እኅቴ? ሰሚዋ ልጅ ነበረች፤ ሃይማኖቱንም አታውቀውም።"

"ሃይማኖቱን ስለማታውቀው እኮ ነው ያልቀየረችው አባ። ብታውቀው ኖሮ እንደኔ ወለተ ማርያም ይሆን ብላ ትገምት ነበር። እሷ የሰማችውን ነው ያመጣችው።"

ፈገግ ብለው መጽሐፉን ገለጡ። እንዲህ ብልም ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ካሳነሽን ብንጠይቃት እሺ ነው የምትለው። የዓለምን ስም ሁሉ ብንጠራላት እሺ ነው። የሚነግረኝ ሰው የለም።

አባ በግዕዝ ያነቡ ጀመር። ዲያቆኑ ይቀበላል። ካሳነሽ ጣሪያውን እያየች መሀል ላይ፣ ደስ ባላት ቦታ፣ "እሺ" ትላለች። አባ ያነባሉ፣ "እሺ" ትላለች። ኖላዊ እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ ይዞ ቆሟል። ነርሷ ገብታ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት አስተካክላ፣ የታካሚዋን ስም ከእጇ አምባር ላይ አንብባ "ካሳነሽ፣ ዩ ኦኬ?" አለቻትና ወጣች። "እሺ።"

ጸሎቱ ረዘመ። ከዚያ አባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያቺ ቦታ ላይ ደረሱ። እኔ ግዕዝ አላውቅም፤ አባ ጣታቸውን መስመሩ ላይ ሲያቆሙ ግን አየሁ።

"...አመትከ ሐረገ ወይን..."

"አቤት" አለች ካሳነሽ።

ዲያቆኑ መቀበሉን ረሳ። አባ ከመጽሐፉ ቀና አሉ። ካሳነሽ ጣሪያውን ትታ፣ የጠራትን ሰው ለማየት፣ በዚያች በምትንቀሳቀሰው ጎኗ ከትራሱ ላይ ልትነሳ እየሞከረች ነበር።

"አቤት" አለች ደግማ፣ ለምን ዝም አላችሁ እንደማለት።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንም ምንም ሳይላቸው ያቺን መስመር እንደገና አነበቧት፤ እኔ እስካሁን መጽሐፉ እንደዚያ ይል እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ዘይቱን በግንባሯ ቀቧት።

ሲጨርሱ ሱዓድ በሩን ለቃ መጣች። እንባዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠርጋ፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ፣ አፏን ካሳነሽ ጆሮ ላይ አደረገች።

"ካሱ፣ እናትሽ ትወድሽ ነበር። ተሳስቼ ነው። ነገ ከዚያ ክፍል ስትወጪ ዳቦዬን ትመልሺልኛለሽ፤ ሁሉንም፣ ግማሽ በግማሽ። ሰማሽኝ?"

ካሳነሽ እጇን ያዘቻት።

"እሺ" አለች።